ፔግ ሬሾ ወይስ ፒኢ፦ የትኛው መለኪያ ለየትኛው ስቶክ ይሆናል

አንድ ስቶክ ተወዷል ወይም ረክሷል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያየው ፒኢውን (ዋጋው የዓመት ትርፉ ስንት እጥፍ እንደሆነ) ነው፣ 15 ከሆነ ርካሽ 60 ከሆነ ውድ ብሎ ይዘጋዋል። ከዛ ሌላው ይመጣና ፒኢ ብቻውን ምንም አይነግርህም ፔጉን (ፒኢው ለትርፉ እድገት ሲካፈል የሚመጣውን) እይ ይለዋል፣ ሶስተኛው ደግሞ ፔጋቸው ከ1 በታች የሆኑትን ከስክሪነር (ስቶኮችን በመስፈርት ከሚያጣራ ድረገጽ) ላይ ለቅሞ እነዚህን ግዙ ብሎ ሊስት ይለጥፋል። ብዙ ሀበሻ አሁን አሜሪካም አውሮፓም ሆኖ ከስልኩ ላይ ስቶክ ይገዛል፣ ሀገር ቤትም የአክሲዮን ገበያው ተከፍቷል፣ ስለዚ እነዚህን መለኪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የቱ የት ይሰራል የት ያሳስታል የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ፔግ ከፒኢ የተሻለ መለኪያ ነው፣ ግን ጥሩነቱ ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለው አካፋይ አድርጋችሁ በምታስገቡት የእድገት ቁጥር ላይ ነው፣ ችግሩም ብዙ ሰው ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ውጤቱን ማመኑ ነው።

ስሌቱን እናስቀድም። ፒኢ ማለት የአንድ ሼር ዋጋ፣ አንድ ሼር በዓመት ላስገኘው ትርፍ (ኢፒኤስ ለሚሉት) ሲካፈል ነው። ሼሩ 100 ዶላር፣ ትርፉ 5 ዶላር ከሆነ ፒኢው 20። አንድ ሰው በዓመት 500 ሺህ ብር የሚያተርፍ ሱቅ በ10 ሚሊዮን ልሽጥልህ ቢላችሁ የ20 ዓመት ትርፍ አሁን ክፈል እያለ ነው፣ የሱቁ ገበያ ባለበት የሚቆም ከሆነ ብዙ ነው፣ ሱቁ አጠገብ አዲስ ሰፈር እየተሰራ ከሆነና ሽያጩ በየዓመቱ የሚጨምር ከሆነ ግን ያው 20 ብዙ ላይሆን ይችላል። ፒኢ ይሄን ልዩነት አያውቀውም። ፔግ የሚያስገባው እሱን ነው፣ ፒኢውን ወስዳችሁ ለዓመታዊ የትርፍ እድገት ታካፍሉታላችሁ፣ ስታካፍሉ 20 በመቶን 0.20 ብላችሁ ሳይሆን በቃ 20 ብላችሁ ነው። ፒኢ 20 እድገት 20 በመቶ ከሆነ ፔጉ 1፣ እድገቱ 10 በመቶ ከሆነ ፔጉ 2።

ይሄን አስተሳሰብ በሰፊው ያስተዋወቀው ፒተር ሊንች ነው፣ ከ1977 እስከ 1990 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፊደሊቲ ኢንቨስትመንት ኩባንያን ማጄላን ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ስቶክ የሚገዛ) ሲያስተዳድር በአማካይ በዓመት 29 በመቶ ገደማ ያስገኘው ሰውዬ። መመዘኛው ቀላል ነው፣ ፒኢው ከእድገቱ ጋር እኩል ከሆነ ዋጋው ተገቢ ነው፣ የእድገቱ ግማሽ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ እጥፍ ከሆነ ግን መጥፎ። ይሄ ከልምድ የመጣ መመዘኛ ነው እንጂ 1 የምትባለው ቁጥር ከየትም የሂሳብ ቀመር የወጣች አይደለችም፣ ወደኋላ ላይ ይሄ ነገር ያስፈልገናል።

ፒኢ ብቻውን ሲያሳስት

የኮምፒውተር ቺፕ ኩባንያውን ኤንቪዲያን እንውሰድ። ግንቦት 2023 ላይ፣ 24 ቀን፣ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ከማውጣቱ በፊት ሼሩ የተዘጋው በ305 ዶላር አካባቢ ነበር፣ ያለፈው በጀት ዓመት ትርፉ ደግሞ በሼር 1.74 ዶላር። ስታካፍሉት ፒኢው 175 ነው። 175 ዓመት! ይሄን ያየ ሰው እብደት ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ግን ቀጥሎ የመጣው በጀት ዓመት፣ ጥር 2024 ላይ ያለቀው ማለት ነው፣ ትርፉ በሼር 11.93 ዶላር ሆነ። ስለዚ ያ 305 ዶላር በእውነት ሲታይ ከቀጣዩ ዓመት ትርፍ 26 እጥፍ እንኳ አልሞላም ነበር። (ዋጋዎቹ ሰኔ 2024 ላይ አንዱ ሼር ወደ 10 ከመከፈሉ በፊት ያሉት ናቸው፣ አሁን ቻርት ላይ ስታዩ ለ10 የተካፈለ ነው የምታገኙት።)

ታዲያ ፔግ ያድን ነበር ወይ? እዚህ ጋ ረጋ ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። እድገቱ 586 በመቶ ስለሆነ ወደኋላ ዞራችሁ ብታሰሉት ፔጉ 0.3 ይመጣል፣ የዘመኑ ምርጥ ግዢ ይመስላል። ግን ያን ቀን ማንም 586 በመቶ አልገመተም። ኩባንያው ያን ምሽት ለቀጣዩ ሩብ ዓመት 11 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ እጠብቃለሁ ሲል የዎል ስትሪት ተንታኞች ይጠብቁት የነበረው 7 ቢሊዮን ገደማ ነበር፣ ማለት አንድ ቀን ቀድሞ የተሰላ ፔግ በሙሉ ትክክል ባልሆነ የእድገት ቁጥር የተሰላ ነበር። ፒኢ ያለፈውን ስለሚያይ አሳሳተ፣ ፔግ ደግሞ የወደፊቱን ስለሚገምት ግምቱ ልክ የሆነውን ያህል ብቻ ነው ልክ የሚሆነው።

ተቃራኒው የኔትወርክ መሳሪያ ኩባንያው ሲስኮ ነው። መጋቢት 2000 ላይ በገበያ ዋጋ የዓለም ትልቁ ኩባንያ ሆኖ ነበር፣ ከ500 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ፒኢውም ከ100 በላይ። የዛን ጊዜ ይባል የነበረው ኢንተርኔት ሁሉን ይቀይራል፣ እንዲ ለሚያድግ ኩባንያ ፒኢ አይታይም የሚል ነበር። ሽያጩ እውነት ነው በዚያ በጀት ዓመት 55 በመቶ አድጓል። እሺ በየዓመቱ 50 በመቶ ያድጋል ብላችሁ ብትሰጡት እንኳ ፔጉ ከ2 በላይ ነው፣ ያውም 50 በመቶን ለአምስት ዓመት ያስቀጠለ ግዙፍ ኩባንያ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። በቀጣዩ በጀት ዓመት ኪሳራ አወጀ፣ 80 ዶላር የነበረው ሼር በ2002 መጨረሻ አካባቢ ከ10 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፣ የ2000ውን የመዝጊያ ዋጋ መልሶ ያለፈው ታህሳስ 2025 ነው። ኩባንያው አልሞተም፣ ከዛ በኋላ ለዓመታት በቢሊዮኖች እያተረፈ ነው የኖረው፣ ያሰመጠው የተከፈለበት ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ፔግ ስራውን ይሰራል፣ እድገት አለ እያለ ፒኢን የሚያጣጥለውን ሰው ስንት እድገት? ብሎ ቁጥር ያስጠራዋል።

እኩል ፔግ እኩል ዋጋ አይደለም

ይሄኛው ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ስክሪነር ላይ ሁለት ኩባንያ ፔጋቸው እኩል ሲሆን ሰው እኩል ናቸው ብሎ ያስባል፣ ከዛ በፍጥነት የሚያድገውን ይመርጣል።

ሁለት ኩባንያ እናስብ፣ የሁለቱም ሼር 100 ዶላር። ኩባንያ ሀ በሼር 5 ዶላር ያተርፋል፣ በዓመት 10 በመቶ ያድጋል፣ ፒኢው 20 ፔጉ 2። ኩባንያ ለ 2.50 ያተርፋል፣ 20 በመቶ ያድጋል፣ ፒኢው 40 ፔጉ ያው 2። ከአምስት ዓመት በኋላ የሀ ትርፍ 8.05 ዶላር ደርሷል፣ የለ ግን ገና 6.22 ነው። ኩባንያ ለ፣ ኩባንያ ሀን በዓመት ትርፍ የሚደርስበት በስምንተኛው ዓመት ነው፣ የለ 10.75 የሀ 10.72። ማለት ለን የገዛ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ 20 በመቶ ካላደገለት ሀን ከገዛው ሰው ጋር እንኳ እኩል አይሆንም፣ በመሀል ያለፉት ዓመቶች ላይ ያጣው ትርፍ ሳይቆጠር።

አሁን ደግሞ ኩባንያ ለ፣ ሶስት ዓመት ጥሩ ሮጦ ከዛ እድገቱ ወደ 10 ቢወርድ እዩት። ትርፉ 4.32 ላይ ነው፣ ገበያውም እንግዲህ እንደ ሀ ነህ ብሎ ፒኢ 20 ይሰጠዋል፣ ዋጋው 86 ዶላር ይሆናል። ትርፉ በሶስት ዓመት ከ70 በመቶ በላይ ያደገ ኩባንያ ይዛችሁ ትከስራላችሁ ማለት ነው። የሀ ሼር ግን በዛው በፒኢ 20 ዋጋው 133 ዶላር ገብቷል። ኩባንያው ጥሩ ሆኖ ስቶኩ የሚያከስረው እንዲ ነው፣ ብዙ ሰው ዜናው ጥሩ ነው ለምን ወረደ ብሎ የሚናደድበትም ምክንያት ይሄ ነው።

ስለዚ ፔግ የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ስንት ዓመት? እድገቱ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ አይጠይቅም። ፔጋቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ኩባንያዎች እኔ ሁሌም ፒኢው ዝቅ ያለውን ነው የማስቀድመው፣ ፈጣኑን የምመርጠው እድገቱ ከስምንት ከአስር ዓመት በላይ የሚቆይበት በግልጽ የምናገረው ምክንያት ሲኖረኝ ብቻ ነው።

በሌላው ጫፍም ፔግ ይበላሻል። በዓመት 3 በመቶ የሚያድግ ኩባንያ ፔጉ 1 እንዲሆን ፒኢው 3 መሆን አለበት፣ የሶስት ዓመት ትርፍ ብቻ ከፍላችሁ ጤናማ ኩባንያ ይሸጥላችኋል ማለት ነው፣ እንዲ አይነት ነገር ከተገኘ ሌላ የተደበቀ ችግር አለ። እድገቱ ዜሮ ከሆነ ማካፈልም አይቻልም፣ ትርፉ እየቀነሰ ከሆነ ፔጉ ኔጌቲቭ ይመጣል፣ እሱም ትርጉም የለውም። በኔ እይታ ፔግ በደንብ የሚናገረው እድገታቸው ከ10 እስከ 25 በመቶ መካከል ላለ ኩባንያዎች ነው። ከዛ በታች ዝግ ያለውን ሁሉ ያለአግባብ ውድ ያስመስላል፣ ከዛ በላይ ደግሞ የማይቆየውን እድገት እንደሚቆይ አድርጎ ርካሽ ያስመስላል።

1 የምትባለዋ ቁጥር ከወለድም ጋር አትንቀሳቀስም። የአሜሪካ ፌደራል ሪዘርቭ ከ2020 እስከ 2022 መጀመሪያ ወለዱን ዜሮ አጠገብ ይዞት ነበር፣ ሐምሌ 2023 ላይ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አድርሶታል። ገንዘብህን ያለምንም ስጋት አስቀምጠህ 5 በመቶ የምታገኝ ከሆነ ከአስር ዓመት በኋላ ለሚመጣ ትርፍ ዛሬ የምትከፍለው መቀነስ አለበት፣ ፔግ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ቁጥር ነው። እዳንም አያይም፣ አንዱ ኩባንያ ሙሉ በሙሉ በብድር ያደገ ሌላው በራሱ ገንዘብ ያደገ ቢሆን ፔጋቸው አንድ ሊሆን ይችላል።

የእድገት ቁጥሩ የማን ነው

ያሁ ፋይናንስ ላይ የምታገኙት ፔግ የሚቀጥሉትን አምስት ዓመት ግምት የያዘ ነው፣ ሌላ ቦታ ያለፈውን ዓመት እድገት ይጠቀማሉ፣ ሌላው ያለፉትን አምስት ዓመት። ለአንድ ስቶክ በአንድ ቀን ሶስት የተለያየ ፔግ ብታገኙ አትገረሙ፣ ሁሉም በየራሱ ልክ ነው። ማወዳደር ካለባችሁ ሁለቱንም ስቶክ ከአንድ ምንጭ ውሰዱ፣ ይሄ ትንሹ ጥንቃቄ ነው።

ትልቁ ግን ራሱ ትርፍ የሚባለው ቁጥር ምን እንደሆነ ማየት ነው። የኮካ ኮላን 2024 ውሰዱ። በኦፊሴላዊው የሂሳብ አያያዝ ትርፉ በሼር 2.46 ዶላር ነው፣ በ2023 ደግሞ 2.47 ነበር፣ ማለት እድገት የለም ትንሽ ቀንሷል። ኩባንያው አንዴ ብቻ የሚያጋጥሙ ወጪዎችን አውጥቶ ባስተካከለው ስሌት ደግሞ ከ2.69 ወደ 2.88 አድጓል፣ 7 በመቶ። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓመት፣ በአንዱ ፔግ ማስላት አይቻልም በሌላው 3 ይመጣል። የተስተካከለው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ እንዲያውም እሱ ነው የስራውን እውነተኛ ሁኔታ የሚያሳየው፣ ግን የትኛውን እንደያዛችሁ እወቁ፣ አንዱን ለፒኢ ሌላውን ለእድገት አትቀላቅሉ። በየዓመቱ አንዴ ብቻ የሚባል ወጪ የሚደጋገምበት ኩባንያ ካያችሁ ደግሞ ያ የዘወትር ወጪው ነው።

አፕል ሌላ ነገር ያስተምራል። በ2022 በጀት ዓመት የተጣራ ትርፉ 99.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2023 ወደ 97 ቢሊዮን ወረደ፣ የአንድ ሼር ትርፍ ግን ከ6.11 ወደ 6.13 ከፍ አለ። እንዴት? ኩባንያው የራሱን ሼር ከገበያ መልሶ እየገዛ ስለሚያጠፋ ያነሰው ትርፍ ለባሰ ያነሰ ሼር ተካፈለ። ለባለአክሲዮን መጥፎ አይደለም፣ ድርሻህ ይጨምራል፣ ግን ስልክ በብዛት በመሸጥ ከመጣ እድገት ጋር አንድ አይደለም። ስለዚ የኢፒኤስ እድገትን ስታዩ አጠገቡ የሽያጭ እድገትን አስቀምጡ፣ ሽያጩ 3 ኢፒኤሱ 12 ከሆነ የመሀሉ 9 ከየት እንደመጣ ፈልጉ፣ ወጪ በመቀነስ ነው፣ ሼር በመግዛት ነው፣ ታክስ ቀንሶ ነው፣ እነዚህ ሁሉ ዳር አላቸው።

ከዝቅተኛ ቦታ የመነሳት ጉዳይም አለ። አምና በሼር 10 ሳንቲም ያተረፈ ዘንድሮ 40 ሳንቲም ቢያተርፍ እድገቱ 300 በመቶ ነው፣ ፒኢው 60 ቢሆን ፔጉ 0.2። ፔጋቸው ከ1 በታች ተብለው የሚለጠፉት ሊስቶች በእንዲ አይነት ኩባንያ የተሞሉ ናቸው፣ አምና ለምን 10 ሳንቲም ብቻ እንደሆነ ካላያችሁ ማገገምን እድገት ብላችሁ ትገዛላችሁ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ስህተት ደግሞ እድገቱን ሁለቴ መቁጠር ነው። ሼሩ 100፣ ያለፈው ዓመት ትርፍ 4፣ የሚቀጥለው ዓመት ግምት 5 ነው እንበል፣ እድገት 25 በመቶ። ባለፈው ትርፍ ፒኢው 25 ፔጉ 1 ነው። ሰው ግን የወደፊቱን ፒኢ ይወስዳል፣ 100 ለ 5፣ 20፣ ከዛ ለ25 ያካፍለውና 0.8 አገኘሁ ይላል። ያቺ የሚቀጥለው ዓመት እድገት አንዴ ፒኢውን አሳንሳለች፣ ደግማ አካፋይ ሆና መጥታለች። የወደፊቱን ፒኢ ከተጠቀማችሁ እድገቱም ከዛ ዓመት በኋላ ያለው መሆን አለበት።

የተንታኞችን የረጅም ጊዜ ግምት በተመለከተ ወደ ጥሩው የማዘንበል ልማድ አለው፣ ስለዚ እኔ የማደርገው አንድ ሶስተኛውን ቆርጬ እንደገና ማስላት ነው። ፒኢ 24 እድገት 20 ከተባለ ፔጉ 1.2 ነው፣ እድገቱን 13 ሳደርገው 1.85 ይሆናል። በተቆረጠውም ቁጥር ልገዛው የምፈልግ ከሆነ ቀጥሎ ሪፖርቱን አነባለሁ፣ ካልሆነ እዛው እተወዋለሁ። እውነተኛውን የአምስት የአስር ዓመት ትርፍ ለማየት የአሜሪካ ኩባንያዎች በየዓመቱ ለመንግስት ተቆጣጣሪው የሚያስገቡት 10-ኬ የሚባለው ሪፖርት ኤድጋር በሚባለው የተቆጣጣሪው ድረገጽ ላይ በነጻ አለ።

ዲቪደንድ ካለ

ኮካ ኮላ በ2024 መጨረሻ 62 ዶላር አካባቢ ነበር፣ በተስተካከለው 2.88 ስታካፍሉት ፒኢ 21.6፣ ለ7 ሲካፈል ፔግ 3.1። በሊንች መመዘኛ አትንኩት የሚባል ነው። ግን ኩባንያው በዚያ ዓመት በሼር 1.94 ዶላር ዲቪደንድ (ለባለአክሲዮን የሚከፋፈል ገንዘብ) ከፍሏል፣ ከዋጋው 3.1 በመቶ፣ ዲቪደንዱንም ከ60 ዓመት በላይ በተከታታይ ጨምሯል። ያ ገንዘብ እጃችሁ የገባ ነው፣ ፔግ ግን አላየውም። ስለዚ ዲቪደንዱን ከእድገቱ ጋር ደምራችሁ ታካፍላላችሁ፣ 7 ሲደመር 3.1፣ 10.1፣ 21.6 ለ10.1 ሲካፈል 2.1 ይመጣል። አሁንም ርካሽ አይደለም፣ ግን 3.1 እና 2.1 የተለያየ ፍርድ ነው። ዲቪደንዳቸው ከ2 በመቶ በላይ የሆኑ ረጋ ያሉ ኩባንያዎችን ስታወዳድሩ ሁሌ ይሄኛውን ተጠቀሙ፣ አንድ ሁኔታ ብቻ እዩ፣ ዲቪደንዱ ከትርፍ እየተከፈለ ነው ወይስ ከብድር።

ፔግ ጨርሶ የማይሆንባቸው

ትርፋቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኩባንያዎች፣ ሜሞሪ ቺፕ፣ ነዳጅ፣ ብረት፣ መርከብ፣ እነዚህ ላይ ፔግ ከማሳሳትም አልፎ አደገኛ ነው። የሜሞሪ ቺፕ አምራቹ ማይክሮን በ2017 በጀት ዓመት በሼር 4.41 ዶላር አተረፈ፣ በ2018 ወደ 11.51 ዘለለ፣ 161 በመቶ እድገት። የዛን ጊዜ መስከረም ላይ ዋጋው 45 ዶላር አካባቢ ነበር፣ ፒኢ 4፣ ፔጉን ብታሰሉት ከ0.03 በታች። ከዚህ በላይ ርካሽ ነገር በወረቀት ላይ አይገኝም። በዓመቱ መጨረሻ ዋጋው 30 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር፣ በ2019 ትርፉ 5.51፣ በ2020 2.37 ሆነ። እንዲ አይነት ኩባንያ ፒኢው ዝቅ የሚለው ትርፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው፣ ፔጉም የሚያምረው የዛኑ ጊዜ። ለነዚህ የአስር ዓመት አማካይ ትርፍ ወስዶ ፒኢ ማስላት ወይም ዋጋውን ከመዝገብ ዋጋው (ከንብረቱ እዳው ሲቀነስ የሚቀረው) ጋር ማወዳደር ይሻላል።

ገና የማያተርፍ ኩባንያ ፒኢ ስለሌለው ፔግም የለውም፣ ዋጋውን ከሽያጩ ጋር ታወዳድራላችሁ። የአሜሪካ ባንክና ኢንሹራንስ ላይ የመዝገብ ዋጋና በካፒታሉ ላይ የሚያገኘው ትርፍ ይበልጥ ይናገራል። ሶፍትዌርን ከሶፍትዌር፣ ፋርማሲን ከፋርማሲ ማወዳደር እንጂ ማይክሮሶፍትን ከነዳጅ ኩባንያ ጋር በፔግ ማወዳደር ምንም አይጠቅምም።

የሀገር ቤት አክሲዮን ላይስ

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2025 ላይ ስራ ሲጀምር የመጀመሪያው የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን መግዛት ተፈቅዶላቸዋል፣ ስለዚ ይሄን ፔግ የሚባል ነገር እዛ እንጠቀምበት ወይ የሚለው ጥያቄ አሁን ተገቢ ነው። መልሴ፦ አሁን ባለበት ሁኔታ ዋና መለኪያ አታድርጉት። ሶስት ምክንያት አለኝ፣ ሶስተኛው ትንሽ ነው።

አንደኛ የዋጋ ንረቱ። በ2022 ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንኩ ትርፉን 25 በመቶ አሳደገ፣ ፒኢው 6 ነው፣ ፔጉ 0.24 መጣ፣ አሜሪካ ቢሆን ሁሉም ይረባረብበት ነበር። ግን ኑሮውም በዛው 25 በመቶ ከተወደደ ያ እድገት በእውነት ዜሮ ነው። ንረቱን ሳትቀንሱ የተሰላ ፔግ ብሩ መርከሱን እንደ እድገት ይቆጥርላችኋል። በዚህ ላይ ሐምሌ 2024 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ከነበረበት በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል፣ ስለዚ ከዛ በኋላ ያለ የባንክ ሪፖርት ስታዩ ከምንዛሪ ልዩነት ብቻ የመጣ ገቢ ካለ ለይታችሁ አውጡት፣ እሱ በየዓመቱ የሚደገም አይደለም።

ሁለተኛው በጣም ወሳኝ ነው፣ የአክሲዮን ብዛት። ብሔራዊ ባንክ በ2021 የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ እስከ ሰኔ 2026 ጊዜ ሰጣቸው፣ ባንኮቹም በገፍ አዲስ አክሲዮን ሸጡ። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ትርፋችን በ40 በመቶ አደገ ሲባል ይጨበጨባል፣ ካፒታሉ በዛው ዓመት በ35 በመቶ ካደገ ግን የአንድ አክሲዮን ትርፍ ያደገው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኢው 8 ቢሆን በ40 ስታካፍሉት ፔጉ 0.2 ነው፣ በትክክለኛው 3.7 ስታካፍሉት 2.2። አንዱ ሩጥና ግዛ ይላል ሌላው ቆም በል ይላል፣ ልዩነቱ የጠቅላላ ትርፍን እድገት ወስዳችሁ ወይስ የአንድ አክሲዮን ትርፍን የሚለው ብቻ ነው። ሰዎች አዲስ አክሲዮን የገዙበት ብር ያስገኘውን ገቢ ራሱን ትርፍ አደገ ብሎ ማሳየት ይቻላል።

ሶስተኛ፣ በየጊዜው የወደፊት ትርፍ የሚገምት ብዙ ተንታኝ ገና የለም፣ ግብይቱም ገና ቀጭን ስለሆነ ዋጋው ራሱ ብዙ ላይነግር ይችላል።

በፔግ ፈንታ ምን? ዲቪደንዱን በገዛችሁበት ዋጋ አስሉት። ዲቪደንድ በአክሲዮኑ መነሻ ዋጋ በመቶኛ ሲነገራችሁ ተጠንቀቁ፣ 30 በመቶ ዲቪደንድ ሲባል 1000 ብር ለተጻፈበት አክሲዮን 300 ብር ነው፣ እናንተ አክሲዮኑን ከሌላ ሰው በ2500 ከገዛችሁት ግን የምታገኙት 12 በመቶ ነው፣ እሱን ከባንክ የጊዜ ገደብ ቁጠባ ወለድና ከዋጋ ንረቱ ጋር አስተያዩት። ቀጥሎ የመዝገብ ዋጋውን፣ ጠቅላላ ካፒታልና መጠባበቂያ ለአክሲዮን ብዛት ተካፍሎ፣ ከምትጠየቁት ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ከዛ ሰኔ ላይ የተዘጉትን የአምስት ዓመት ኦዲት የተደረጉ ሪፖርቶች ይዛችሁ የአንድ አክሲዮን ትርፍ የሚለውን መስመር ብቻ በተርታ ጻፉት፣ አጠገቡ የየዓመቱን የዋጋ ንረት። የአክሲዮኑ ትርፍ አምስቱንም ዓመት ከንረቱ በላይ አድጎ ካገኛችሁት፣ ከንረቱ በላይ የሆነችውን ልዩነት ወስዳችሁ ፔግ ማስላት ያኔ ትርጉም ይኖረዋል።